ክዋጃሌን ላይ ካሜራ አይወጣም

በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ከሆኖሉሉ ተነስቶ ጉዋም እስኪገባ በየደሴቱ የሚያርፈው በረራ መካኒክ ይዞ ነው የሚሄደው። እኔም ብዙ ጊዜ ያ መካኒክ ነኝ። ማጁሮ፣ ክዋጃሌን፣ ኮስሬ፣ ፖንፔ፣ ቹክ እያለ የሚሄድ አውሮፕላን መሀል ላይ ቢበላሽ ቶሎ የሚደርስለት ስለሌለ፣ መለዋወጫው ከሻንጣ ጋር፣ ጠጋኙ ከመንገደኛ ጋር ይጫናል።

ከነዚህ ሁሉ ክዋጃሌን ለብቻዋ ናት። ደሴቷ የማርሻል ደሴቶች ብትሆንም አየር ማረፊያው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ነው፤ አካባቢውም የሚሳኤል መሞከሪያ። ፈቃድ የሌለው መንገደኛ ከአውሮፕላኑ አይወርድም፣ ፎቶ ማንሳት እንደማይቻልም ገና ሳናርፍ ይነገራል። መንደርደሪያው 2,000 ሜትር ገደማ ነው። በዳርና ዳሩ የሚወርደው ዝናብ ተጠራቅሞና ተጣርቶ የደሴቷ የመጠጥ ውሃ ይሆናል። ስለዚህ እዚያ ጠብታ ሃይድሮሊክ ዘይት መሬት ላይ ካየሁ ጨርቅ ይዤ ነው የምሮጠው።

ያን ዕለት ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ዞሬ ስፈትሽ በግራው የማረፊያ እግር የውጪኛው ጎማ ላይ ስንጥቅ አየሁ። ትንሽ ናት፤ ውሃው ባያብለጨልጫት ላላያት እችል ነበር። ጥልቀቷ እንዴት ይታወቅ? ጎማ ተነፍቶ እያለ ሹል ነገር ወደ ስንጥቅ መክተት ክልክል ነው፤ ውስጡ ግፊቱ 200 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ገደማ የሆነ አየር አለ፣ ቢፈነዳ ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው አይተርፍም።

ለካፒቴኑ ነገርኩት። በኮክፒቱ ኤካርስ፣ ማለትም ከአውሮፕላኑ ጽሑፍ በሚላክበት መሣሪያ፣ ለጥገና ቁጥጥር ክፍል ጻፈ። መልሱ አጭር ነበር፦ «ፎቶ ላኩ»።

ረዳት አብራሪው «ከክንፉ ሥር ማን ያይሃል? አንድ ጊዜ ብቻ» አለኝ። ጥበቃው ከደረጃው አጠገብ ቆሟል፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ሁሌም ሰላም ይለኛል። ቢያየኝ ግን ስልኬም እኔም አውሮፕላኑም እዚያው እንቀራለን። ባያየኝስ? ያም ቢሆን አላደርገውም፤ የሰው ጦር ሰፈር ነው። ከሰፈሩ ፈቃድ እንጠይቅ ብንል ደግሞ ቆይታችን አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

«ፎቶ የለም፤ የምልህን ጻፍላቸው» አልኩት ካፒቴኑን። ማንዋሉም ቢሆን ጎማው ለበረራ ይሁን አይሁን የሚወስነው በርዝመት፣ በጥልቀትና የጎማው የውስጥ ክር በመታየት አለመታየቱ ነው እንጂ በፎቶ አይደለም። ስልክ ኪሳችን ከገባ ወዲህ ግን ሁላችንም መለካት ትተን ማንሳት ለምደናል፤ ቁጥጥር ክፍሉም እንደዚያው። በርከክ ብዬ ማስመሪያዬን አውጥቼ ለካሁ፣ ዳርና ዳሩን በጠመኔ ምልክት አደረግሁ፣ ከዚያ ወጥቼ አስጻፍኩት፦

«ግራ እግር፣ ውጪኛ ጎማ። ስንጥቁ አግድም ነው፣ ርዝመት 14 ሚሊ ሜትር። አንድ የጥርስ መደዳ ላይ ብቻ ነው፤ በመደዳዎቹ መሀል ያለውን ቦይ አያቋርጥም፣ ወደ ጎን አልወረደም። ክር አይታይም። እብጠት የለም። ግፊቱ ልክ ነው። የቦዩ ጥልቀት 6 ሚሊ ሜትር። በጠመኔ ተከቧል።»

መልሱ የመጣው ነዳጅ ቀጂው ቱቦውን ሳይነቅል ነው፦ ከገደቡ በታች ስለሆነ ቀጥሉ፣ በየጣቢያው ከጠመኔው አልፎ እንደሆነ እዩ።

ኮስሬ ላይ ፎቶ ይፈቀዳል። ጠየቁ ተብሎ አንስቼ ላክሁ። ከክንፉ ጥላ ሥር ጥቁር ጎማ ላይ ጥቁር መስመር፤ ጠመኔው ባይኖር ምን እንደሆነም አይለይም። ቁጥጥር ክፍሉ ፈረቃ ቀይሮ ኖሮ አዲሱ ሰውዬ መልሶ «ርዝመቱ ስንት ነው?» አለ። «ከክዋጃሌን የተላከውን አንብብ» ብሎ ካፒቴኑ ጻፈለት።

ስንጥቁ እስከ መጨረሻው ከጠመኔው አላለፈም። ጉዋም ላይ የሌሊቱ ቡድን ጊዜም ጎማም ስለነበረው ቀየረው።

አሁን አዲስ ልጅ አብሮኝ ሲመደብ ማጁሮ ላይ ስልኩን ተቀብዬ ማስመሪያና ጠመኔ እሰጠዋለሁ፤ ያየውን ለእኔ ሳይሆን ጎማውን ላላየው ለካፒቴኑ እንዲነግረው አደርጋለሁ። ያጉረመርማሉ።