ዳማ ቂም አልያዘችም

የሳሎኑ ምንጣፍ ደርቆ ሰንብቷል። ሌሊት ተነስቼ በባዶ እግሬ ስረግጠው አልሰጋም። ነገሩ ከአእምሮዬ ሳይጠፋ ምን እንዳየሁና ምን እንደተለወጠ ላስፍረው።

ድመቴ ዳማ ሰባት ዓመቷ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ከመጸዳጃ ሣጥኗ ውጪ ሸንታ አታውቅም ነበር። አንድ ቀን ምንጣፉ ጥግ ላይ ሸናች። ቀጥሎ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ። ቀጥሎ አልጋዬ ላይ፣ ያውም እኔ በምተኛበት በኩል። ቤተሰቡን ያነጋገረው ይሄ የአልጋው ነገር ነው። አንዱ "ተቀይማሻለች" አለኝ። ሌላው "ኮኮን ስላመጣሽባት ቀንታ ነው" አለኝ፤ ኮኮ ከእሷ በኋላ ያመጣሁት ወንድ ድመቴ ነው። አክስቴማ "ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ" ብላ ጉዳዩን ዘጋችው።

አክስቴን እወዳታለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም። ሽንት ለድመት ጸያፍ ነገር አይደለም። እኛን እንደሚያናድደን አስባ፣ አቅዳ፣ አልጋ መርጣ አትበቀልም። አልጋ ለስላሳ ነው፣ ይመጥጣል፣ ከፍ ያለ ስለሆነ ዙሪያውን ያሳያል፣ የምታምነው ሰው ጠረንም አለበት። ሣጥኑ ያስጠላት ድመት እዚያ ብትሄድ አይገርምም። ቂም ነው ካልን ደግሞ ማሰባችን እዚያው ላይ ይቆማል። የሚቀረን መቆጣት ብቻ ነው። የተቆጧት ድመት የምትማረው ሰው እያየ አለመሽናትን ነው፤ ከዚያ ሶፋ ሥር ትደበቃለች፣ ጭንቀቱም ይብስባታል።

ስለዚህ ሣጥኑ ካለበት ክፍል ወለሉ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳት። መጣች። የፊት እግሮቿን ጠርዙ ላይ አድርጋ አሸዋውን አሸተተች። ገባች፣ ቁጢጥ አለች፣ ቆየች። ብዙ ቆየች። ጀርባዋ ጎብጧል፣ ሆዷ ይኮማተራል፤ ታምጣለች ማለት ይቻላል። ከዚያ ሳትቀብር፣ መዳፏን እያራገፈች ሮጣ ወጣች። አሸዋው ላይ የቀረው እርጥበት የጣት ጫፍ ቢያክል ነው። ሶፍት ነካ ሳደርግበት ሐመር ሮዝ ሆነ።

ያን ቀለም ሳይ ስለ ሣጥን ማሰቡን ትቼ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኳት። በዚህ ጉዳይ አቋሜ ጠንካራ ነው። ድመት በድንገት ሣጥኗን ከሸሸች መጀመሪያ ሐኪም፣ ከዚያ ሌላው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የፊኛ ጠጠር፣ ስኳር፣ የኩላሊት ሕመም፣ የታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ የሆድ ድርቀት ሁሉም መልካቸው ይሄው ነው። ዕድሜዋ የገፋና መገጣጠሚያዋን የሚያማት ድመት ደግሞ የሣጥኑን ጠርዝ መሻገር ራሱ ይከብዳታል።

ወንድ ድመት ያላችሁ ይቺን በደንብ ያዙልኝ። የወንድ ድመት ሽንት ቧንቧ ጠባብ ስለሆነ በደቃቅ ጠጠርና በንፍጥ መሰል ነገር ሊደፈን ይችላል። ደጋግሞ ሣጥን እየገባ ጠብታ ካልወጣው፣ ከጮኸ፣ ብልቱን ደጋግሞ ከላሰ፣ ካስመለሰው እስከ ነገ ልይ አይባልም። ሽንት ሲታገድ ፖታሲየም ደም ውስጥ ይከማችና የልብ ምትን ያዛባል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ይፈለጋል።

የዳማ ሽንት ተመረመረ፣ በአልትራሳውንድም ታየች። ባክቴሪያ የለም፣ ጠጠር የለም። ፊኛዋ ግን ተቆጥቷል። መንስኤው ተለይቶ የማይታወቅ የፊኛ ብግነት ነው አሉኝ ሐኪሟ። ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ድመቶች የሽንት ችግር ይዟቸው ሲመጡ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ላይ የሚገኘው ይኸው ነው። ከጭንቀት ጋር ጥብቅ ግንኙነት አለው። ቶኒ በፊንግተን በአሜሪካ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይህን ሕመም ለብዙ ዓመታት ያጠኑ የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ የድመቷን አካባቢ ማስተካከል ራሱ የሕክምናው አካል እንደሆነ አሳይተዋል። ይሄን ስሰማ ደስ አለኝ። እኔም የማደርገው ነገር አለ ማለት ነው።

የሕመም ማስታገሻ ታዘዘላት። እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ ለሰው የሚሰጥ ማስታገሻ ለድመት አይሰጥም። ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፣ ትንሹም ይገድላል። ምግቧም ወደ እርጥብ ምግብ ተቀየረ፤ ድመት በተፈጥሮዋ ውኃ መጠጣት ላይ ሰነፍ ናት፣ ሽንቷም በጣም የወፈረ ነው። ውኃ ሲበዛላት ሽንቷ ይቀጥናል፣ ፊኛዋም ያርፋል።

ሕመሙ ለቀቃት። ግን አሁንም ምንጣፉ ላይ ትሸና ነበር።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ሐኪሟ ሲያስረዱኝ ነው የገባኝ። ዳማ ሣጥኑ ውስጥ በገባች ቁጥር አሟታል። ሕመሙ ከየት እንደመጣ አታውቅም፤ የምታውቀው ቦታውን ነው። ፊኛዋ ቢድንም ሣጥኑ ለእሷ የሚያምበት ቦታ ሆኖ ቀረ። ያንን ትዝታ በቁጣ ማስፋቅ አይቻልም። አዲስ ሣጥን፣ አዲስ አሸዋ፣ አዲስ ቦታ መስጠት ነው የሚሻለው።

የድሮው ሣጥን ክዳን ነበረው፣ በሩም አንድ ነበር። ለእኛ ያምራል፤ ሽታም ያፍናል። ሽታው የሚታፈነው ግን እሷ ላይ ነው። ክዳን የሚመቻቸው ድመቶች አሉ፣ ዳማ ግን ከነሱ አይደለችም። ለእሷ የባሰው በሩ ነበር። ኮኮ ገና ጨዋታ ያልጠገበ ጎረምሳ ነው። ዳማ ስትገባ ጠብቆ በሩ ላይ ይጋደማል፤ ስትወጣ ይዘልባታል። እሱ እየተጫወተ ነው። እሷ ግን መውጫ በሌለው ክፍል ውስጥ ተይዛለች።

የአሜሪካ የድመት ሐኪሞች ማኅበርና ዓለም አቀፉ የድመት ሕክምና ማኅበር በ2014 እ.ኤ.አ. በዚህ ጉዳይ ላይ የጋራ መመሪያ አውጥተው ነበር። የሣጥን ብዛት በድመቶቹ ቁጥር ላይ አንድ ተጨምሮ ይሁን ይላሉ። ሁለት ድመት፣ ሦስት ሣጥን። ሦስቱን ጎን ለጎን መደርደር ግን ዋጋ የለውም፤ ድመት እንደ አንድ ቦታ ነው የምታያቸው። አንዱ ድመት መንገዱን ቢዘጋ ሌላኛዋ ሌላ አቅጣጫ ሊኖራት ይገባል። የሣጥኑ ርዝመት ደግሞ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ሥር ያለው አንድ ጊዜ ተኩል ይሁን ይላሉ። ዳማን ለካኋት። እንደ መጸዳጃ ሣጥን ተብለው የሚሸጡት አብዛኞቹ አይበቋትም። ልብስ የሚቀመጥበት ትልቅ ፕላስቲክ ሣጥን ወስጄ አንዱን ጎን ዝቅ አድርጌ ቆረጥኩት፣ ጠርዙን እንዳይቧጭራት በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ክዳን የለውም። ቀና ብላ ኮኮን ታየዋለች።

ቦታም አስቤበታለሁ። ከምግቧ ይራቅ፤ ድመት በምትበላበት አትጸዳዳም። ከልብስ ማጠቢያ ማሽንም ይራቅ፤ መሐል ላይ በድንገት ቢጮህባት ተመልሳ አትመጣም።

አሸዋው ላይ ብዙ ቆይቻለሁ፣ ምክንያቱም በጣም የገረመኝ እሱ ነው። የቤት ድመት ዘሯ የአፍሪካ የዱር ድመት ነው፤ ደረቅ አገር የሚኖር። መቆፈር፣ መሽናት፣ መቅበር ማንም ሳያስተምራት የምታውቀው ነገር ነው። ድሮ ሰዎች አመድ ወይም ተራ አሸዋ ነበር የሚያቀርቡላት። በ1947 እ.ኤ.አ. ኤድ ሎው የተባለ አሜሪካዊ ፈሳሽ የሚመጥ የሸክላ አፈር ለድመት መሸጥ ጀመረ፤ ሲረጥብ ጓል የሚሆነው ዓይነት የመጣው በ1980ዎቹ ነው። ሽቶ የተጨመረበት ደግሞ አለ። ሽቶው ለእኛ አፍንጫ ነው። ለእሷ አፍንጫ በጣም ይከብዳል።

ይሄን በግምት መወሰን አያስፈልግም፣ እሷን መጠየቅ ይቻላል። ሁለት ተመሳሳይ ሣጥን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። አንዱ ውስጥ የለመደችው ሽቶ ያለው ሻካራ እንክብል፣ ሌላው ውስጥ ደቃቅና ሽታ የሌለው፣ ጓል የሚሆን አሸዋ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት። ሻካራውን አሸታ አለፈችው። ደቃቁ ውስጥ ገብታ ቆፈረች። በአንድ እግሯ፣ ከዚያ በሌላው፣ ዞራ እንደገና። ሸናች። ቀበረች። አሸተተች፣ አልረካችም መሰለኝ፣ ደግማ ቀበረች። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ድመት አሸዋ ስትቆፍር አይቶ የሚያለቅስ ሰው ካለ እኔ ነኝ፤ ያሳለፈችውን ስለማውቅ ነው።

ምንጣፉን ማጽዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ለእኛ የጠፋ ሽታ ለእሷ አልጠፋም፤ ሽታው ካለ ቦታው መጸዳጃ ነው። የድመት ሽንት ሽታ በተራ ሳሙና በቀላሉ አይለቅም። ኢንዛይም ያለው ማጽጃ ያስፈልጋል፣ እሱም ፈሶ ወዲያው የሚጠረግ አይደለም። ሽንቱ የደረሰበት ጥልቀት ድረስ ሰርጎ፣ ቆይቶ፣ በራሱ መድረቅ አለበት። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ለእሷ ሽንት ሽንት ይሸታታል። በረኪና ደግሞ ከሽንት ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የቆየውን እድፍ ለማግኘት መብራት አጥፍቼ በአልትራቫዮሌት ባትሪ ፈለግኩ። መጋረጃው ሥር አንድ አገኘሁ። ማንም አላወቀውም ነበር።

ግድግዳ ላይ የሚረጭ ድመት ጉዳዩ ሌላ ነው። እሱ ቆሞ፣ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ እያንቀጠቀጠ ነው የሚረጨው፤ ክልሉን ምልክት እያደረገ ነው። ያልተኮላሸ ወንድ ከሆነ ማኮላሸት ብዙውን ጊዜ ያስቆመዋል። ዳማ ግን ቁጢጥ ብላ ነበር የምትሸናው፣ ስለዚህ እዚያ መንገድ ውስጥ አልገባሁም።

አሁን ጠዋትና ማታ ጓሉን አወጣለሁ። በየጊዜው አሸዋውን ደፍቼ ሣጥኑን ሽታ በሌለው ሳሙና አጥባለሁ። ኮኮን ከመኝታ በፊት በገመድ አሯሩጬ አደክመዋለሁ፤ ሲደክም በር ላይ አይጋደምም። ጓሉን ሳወጣ መጠኑንም አያለሁ። ትልቅ ጓል ከሆነ ሽንቷ በደንብ ወጥቷል። ብዙ ትናንሽ ጓል ካየሁ ሕመሙ ሊመለስ እየሞከረ ነው፣ እደውላለሁ። ይህ ሕመም የመመለስ ጠባይ አለው፤ ሐኪሟ ይህን አልደበቁኝም።

አንድ ሥራ ይቀራል። ከሣጥኖቹ አንዱ እስካሁን ያለው እሷ የመረጠችው ምንጣፍ ጥግ ላይ፣ ሳሎን መሐል ነው። እንግዳ ሲመጣ ያያል፣ ይይ። ወደ ኮሪደሩ ላወጣው አስቤያለሁ፣ ግን በአንዴ አይደለም። በየቀኑ አንድ ስንዝር እንኳ ሳይሞላ ፈቀቅ አደርገዋለሁ። አንድ ቀን ካልገባችበት ወደ ትናንቱ ቦታ እመልሰዋለሁ፣ እዚያም ትንሽ አቆየዋለሁ። ነገ እጀምራለሁ።