ሬምብራንት የሣለው ያገሬ ሰው

«ነገ ጠዋት አንድ ያገርህን ሰው አስተዋውቅሃለሁ» አለችኝ እትዬ፣ ራት እየበላን። እሷ ዩትሬክት መኖር ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። እኔ ግን ሆላንድን የረገጥኩት ገና በዚያ ሳምንት ነበር። ማን ነው ብላት አልነገረችኝም። «ስትደርስ ታየዋለህ» አለች።

በማግስቱ እያካፋ ወጣን። የቦዩን ዳር ይዘን፣ በጠባብ የጡብ መንገድ አልፈን አንድ የቀድሞ ገዳም ደረስን። አሁን ካታራይነኮንቬንት የሚባል የክርስትና ቅርስ ሙዚየም ነው። እትዬ ግራ ቀኝ ሳታይ ወደ አንድ ትንሽ ሥዕል ወሰደችኝ። ቁመቱ ከ60 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። በእንጨት ሰሌዳ ላይ በዘይት ቀለም የተሣለ ነው።

አንድ ጥቁር ሰው ተንበርክኳል። ልብሱ የትልቅ ሰው ልብስ ነው፤ ራሱ ላይ ግን ምንም የለም። ጥምጥሙን አገልጋዩ ይዞለታል። ሌላው አገልጋይ ትልቅ መጽሐፍ ገልጦ ይዟል። አንድ ሽማግሌ በላዩ ላይ እጁን ዘርግቷል። ከኋላቸው ሠረገላና ፈረሶች ቆመዋል።

«ባኮስ!» አልኩ።

ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ይህን ታሪክ አይስተውም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለው፣ የንግሥት ህንደኬ ገንዘብ ያዥ የነበረው ጃንደረባ ነው። ኢየሩሳሌም ሊሰግድ ሄዶ ሲመለስ፣ በጋዛ መንገድ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነባል። ፊልጶስ ደረሰበትና ያነበበውን ተረጎመለት። ውኃ ዳር ሲደርሱም ጃንደረባው ራሱ ልጠመቅ አለ። ሥዕሉ ያንን ቅጽበት ነው የያዘው። የሣለው እውቁ የሆላንድ ሠዓሊ ሬምብራንት ነው፣ በ1626። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሬምብራንት ያኔ ሃያ ዓመቱ አካባቢ ነበር።

ፎቶውን እዚያው ቆሜ ለእማዬ በቴሌግራም ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«መጽሐፉን አየኸው? ኢሳይያስ እኮ ነው!» አለች። ፊቱን ሳይሆን መጀመሪያ መጽሐፉን ነው ያየችው። ቀጠለችና «ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ባኮስን የት ያውቁታል?» አለችኝ።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው፣ እማዬ። በጊዜው ሆላንድ ውስጥ ተወዳጅ ታሪክ ነበር። የሬምብራንት መምህር ፒተር ላስትማንም ይህንኑ ጥምቀት ከአንድ ጊዜ በላይ ሥሎታል። ሬምብራንት አምስተርዳም ላስትማን ዘንድ የተማረው ስድስት ወር ያህል ብቻ ነው። ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ላይደን ተመልሶ ታሪኩን በራሱ እጅ ሞከረው። ወጣት እጅ መሆኑ ያስታውቃል። ሰዉና ፈረሱ ተደራርቦ ወደ ላይ ተቆልሏል፣ አየር የለውም። የተንበረከከውን ሰው ፊት ስታዩ ግን ያ ሁሉ ይረሳል። ሰውየው የሚሆንለትን ነገር ያውቃል፤ በሙሉ ልቡ እየተቀበለው ነው።

ከሥዕሉ ፊት ቆሜ ያ ዓመት ከነከነኝ። 1626! በዚያው ዓመት መጀመሪያ እኛ አገር ዐፄ ሱስንዮስ ለሮማው ጳጳስ ለመታዘዝ በአደባባይ ማሉ። የካቶሊኩ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝም ምእመኑ እንደገና እንዲጠመቅ አዘዘ። ደም ፈሰሰ። «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» እስከተባለበት እስከ 1632 ድረስ አገር ታመሰ። ላይደን ላይ አንድ የባለ ወፍጮ ልጅ የመጀመሪያውን ኢትዮጵያዊ ተጠማቂ ሲሥል፣ እኛ ዘንድ ሕዝቡ ጥምቀትህ አይቆጠርም እየተባለ ነበር። አንዱ የሌላውን አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ዶም ወደሚባለው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ገባን። ከድንጋይ የተቀረጹ ቅዱሳን አሉ፤ ፊታቸው ግን ተፈልጧል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ተሐድሶ ጊዜ ምስል ጣዖት ነው ተብሎ የተሰባበሩ ናቸው። ግድግዳው ባዶ ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ ሥዕል የሞላበት ቤተ ክርስቲያን ለለመደ ሰው ባዶነቱ ይከብዳል። ሬምብራንትን የተረዳሁት ግን እዚያ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሥዕል የማታዘው አገር ውስጥ ነው የኖረው። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ የሚሥለው ሰው ቤቱ ውስጥ እንዲሰቅለው ነው። ስለዚህም ይመስለኛል ሥዕሎቹ በቅርብ ሆኖ እንደሚያወራ ሰው የሆኑት።

ላይደንን በግማሽ ቀን አየኋት። በ1606 የተወለደበት ቤት ዛሬ የለም፤ ቦታውን የሚያመለክት ጽሑፍ ግድግዳ ላይ አለ። አባቱ የነፋስ ወፍጮ ነበረው፣ እናቱ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነች። ከዚያ በላይ የሚታይ ብዙ ነገር የለም።

አምስተርዳም ግን ሁለት ቀን ወሰደብኝ። ዮደንብሬስትራት በሚባለው መንገድ ላይ ያለው የሬምብራንት ቤት ሙዚየም የሆነው ከ1911 ጀምሮ ነው። በ1639 በ13,000 ጊልደር ገዛው፤ ለዚያ ጊዜ ከባድ ገንዘብ ነው። እውቅ ሆኖ ነበር፣ ሥራ ይጎርፍለታል፣ ሚስቱ ሳስኪያም ከደህና ቤተሰብ ነች። ቤቱ ውስጥ አልጋው እንደ ቁም ሣጥን ግድግዳ ውስጥ የገባ ነው። አጭር ከመሆኑ የተነሣ እንዴት ይተኙበታል ብዬ ስጠይቅ፣ የዚያ ዘመን ሰው ትራስ ተደግፎ ቁጭ እንዳለ ነበር የሚተኛው አሉኝ።

እዚያ አልጋ አጠገብ ብዙ ቆየሁ። ሳስኪያ ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። አራተኛው ቲቶ በ1641 ተወልዶ ተረፈ። እሷ ግን በዓመቱ በ29 ዓመቷ አረፈች። ራይክስሙዚየም ውስጥ ሰው ተጋፍቶ የሚያየው «የሌሊት ዘብ» የሚባለው ሥዕሉ ያለቀውም በዚያው በ1642 ነው። እኔም ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ግዙፍ ነው፣ ድንቅ ነው። ያንን ብርሃን ስመለከት ግን ሐሳቤ ወደዚያች አጭር አልጋ ተመለሰ።

ከላይ ፎቅ በመዳብ ሥዕል የሚታተምበትን ዘዴ እያሳዩ ነበር። መዳቡን ሰምና ሙጫ ይቀቡታል። በመርፌ ይጭሩታል። አሲድ ውስጥ ሲገባ የተጫረው ብቻ ይበላል። ከዚያ ቀለም ይሞሉታል፣ ትርፉን ይጠርጉታል፣ በረጠበ ወረቀት ማተሚያ ውስጥ ያሳልፉታል። ወረቀቱ ሲነሣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነበር። ሬምብራንት በዚህ ዘዴ ወደር አልነበረውም። ባኮስንም በ1641 እንደገና በመዳብ ሠርቶታል። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ መለስ ብሎ ማሰቡ ደስ አለኝ።

ከዚያ የእዳው ዘመን መጣ። የቤቱን ዕዳ ከፍሎ ሳይጨርስ ሐራጅ ቤት እየሄደ ሥዕል፣ የጦር መሣሪያ፣ ቀንድ አውጣ ዛጎል፣ የነገሥታት ጭንቅላት ሐውልት ሲገዛ ከረመ። በ1656 ከሰረ። ሹሞች መጥተው ንብረቱን ክፍል በክፍል መዘገቡት፤ 363 መስመር ሞላ። የሚያሳዝነው ያ መዝገብ ነው ዛሬ ቤቱን እንደገና ለማደራጀት የረዳው። ቤቱ ተሸጠ፤ እሱም ከሳስኪያ ሞት በኋላ አብራው ትኖር ከነበረችው ከሄንድሪክየ፣ ከልጃቸው ኮርኔሊያና ከቲቶ ጋር ሮዘንግራክት ወደሚባል ሠፈር በኪራይ ገባ። ሄንድሪክየ በ1663 ሞተች። ቲቶ በ1668። እሱ ራሱ በ1669 ጥቅምት ውስጥ። ቬስተርከርክ በሚባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በኪራይ መቃብር ነው የተቀበረው፤ ምልክት የለውም። ወለሉን እያየሁ ዞርኩ፤ የቱን ድንጋይ እንደረገጥኩ አላውቅም።

አንድ ነገር ዮደንብሬስትራት ያለው ቤቱ ውስጥ ሰምቼ ነበር። በዚያ ሠፈር በሬምብራንት ዘመን ነጻ ጥቁሮች ይኖሩ ነበር፤ መርከበኞች፣ ወታደሮች፣ የቤት ሠራተኞች። ሆላንድ በባሪያ ንግድ የከበረችበት ዘመን ነው፤ ያም ሳይዘነጋ። ሬምብራንት በር ላይ ያገኛቸው ነበር ማለት ነው።

በመጨረሻው ቀን እትዬን ይዤ ዘ ሄግ ወረድኩ፣ ማውሪትስሃውስ ወደሚባለው ሙዚየም። «ሁለት አፍሪካውያን» የሚሉት ሥዕል እዚያ ነው ያለው። የተሣለው በ1661፣ ከኪሳራው በኋላ ነው። ቡናማ በቡናማ ነው፣ ያላለቀ ይመስላል፤ ግን ስሙንና ዓመቱን ጽፎበታል። ሠረገላ የለም፣ ፈረስ የለም፣ ወርቅ የለም። ሁለት ወንዶች ብቻ። አንዱ የጥንት ሮማውያን ዓይነት ልብስ ለብሷል። ሌላው ራሱን የጓደኛው ትከሻ ላይ ጣል አድርጓል። ዩትሬክት ያለውን ፊት ከመምህሩና ከመጽሐፍ ነው የገነባው። እነዚህን ግን አስቀምጦ አይቷቸዋል። የግንባራቸው ሥጋ፣ የከንፈራቸው ጥላ፣ የዓይናቸው ዕንባ መሳይ እርጥበት፣ ሁሉም ከፊቱ ነበር።

ይህንንም ለእማዬ ላክሁላት። ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆይታ ደወለች።

«ስማቸው ማን ይባላል?»

«አልተጻፈም፣ እማዬ።»

«የባኮስም እኮ መጽሐፉ ላይ የለም» አለችኝ። «ስም ያወጣንለት እኛ ነን።» ትንሽ ቆየችና «ይሄ የተደገፈው ልጅ ግን በጣም ደክሞታል» አለች።