ከቤቴ በላይ ያለው ተራራ

ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው። እንጦጦ ለእኔ ተራራ አልነበረም፤ ግድግዳ ነበር። ቀና ብለን እናየዋለን፣ ከጠቆረ የተሰጣውን ልብስ እናነሳለን፣ በቃ። ለጸበል ከእናቴ ጋር ወጥቼበታለሁ። ፎቶ ላነሳበት ግን አስቤ አላውቅም።

ፎቶ ሲባል አእምሮዬ ላይ የሚመጣው ሰሜን ተራሮች፣ ባሌ፣ ዳሎል ነው። ያገለገለች ካሜራ ገዛሁና ለጉዞው ብር ማጠራቀም ጀመርኩ። ብሩ አልጠራቀምም አለ። ካሜራዋ ቁም ሳጥን ውስጥ ስምንት ወር ተኛች። አንድ ቀን እናቴ "ይቺን ነገር ወይ ሽጣት ወይ ይዘሃት ውጣ" አለችኝ። በኪሴ ባለው ብር የሚደረስበት ቦታ ያው እንጦጦ ነበር። መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም. በጠዋት ታክሲ ይዤ ወጣሁ።

ያን ቀን ከመንገዱ ገባ ብሎ አንድ ድንጋይ አገኘሁ። ከፊቱ ብቻውን የቆመ ጽድ አለ። ከጽዱ ሥር የቀጋ ቁጥቋጦ፣ ከቁጥቋጦው ወዲያ ከተማው። በየሁለት ሳምንቱ እየመጣሁ ከዚያ ድንጋይ ላይ ያችኑ ፎቶ አነሳለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ። ሁለት ጊዜ ብቻ ቀርቻለሁ። አንዱን ጉንፋን ይዞኝ፣ አንዱን እንቅልፍ ይዞኝ።

አደይ አበባ ፎቶ ማንሳት ቀላል ይመስላል። አይደለም። የመጀመሪያው ቀን ፎቶዎቼ ሜዳ ላይ እርድ የተደፋ ነው የሚመስሉት። ቅጠሉ የለ፣ ጥርሱ የለ፣ ቢጫ ብቻ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙም ስለማትርቅ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መጀመሪያ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ጥላ የለም። ጥላ ከሌለ ደግሞ አበባው ቅርጽ የለውም። በሚቀጥለው ጊዜ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ፤ ብርሃኑን ቀነስ አደረግኩ፣ ጭቃው ላይ በደረቴ ተኛሁ። ያኔ እያንዳንዷ አበባ ለብቻዋ ወጣች። በስልክ ለምታነሱም ያው ነው፦ ስክሪኑ ላይ አበባዋን ንኩ፣ የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ታች ሳቡ፣ ቢጫው ነፍስ ይዘራል። ሱሪያችሁ ጭጎጎት ለብሶ ነው የሚመለሰው፤ ለእሱ መላ የለኝም።

ስለ ወቅቶች ስም አንድ ነገር ልበል። በየበዓሉ ፕሮግራም ላይ መስከረም ሲጠባ "ጸደይ ገባ" ሲባል እንሰማለን። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው ነው። ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 በኋላ ያለው፣ ገበሬው በልግ የሚለው ጊዜ ነው። እናቴ ሁለቱንም አትልም። "አደይ የወጣ ጊዜ" ነው የምትለው። ለፎቶ የሚጠቅመው የእሷ አቆጣጠር ነው። እዚህ አገር ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት አካባቢ ብቻ ነው። ወቅቱን የሚነግረን ሰዓቱ ሳይሆን ውሃው ነው።

መስቀል ሰሞን አንዲት ጥቁር ወፍ አገኘሁ፤ ትከሻዋና ጀርባዋ ቢጫ። "የመስቀል ወፍ!" ብዬ ልቤ ዘለለ። (የመስቀል ወፍ የሚለው ስም እንደየአገሩ ለተለያየ ወፍ ይሰጣል፤ እኛ ሰፈር ግን ይቺው ናት።) አደይ አበባና የመስቀል ወፍ ቀጠሮ አላቸው እየተባልን ስላደግን ወፏ በመስከረም መጥታ የምትሄድ ይመስለኝ ነበር። ለካ አትሄድም። እንዲያውም "ወፏ" አይደለችም፤ ወንድ ነው። በመራቢያው ወቅት እንደዚያ ያጌጣል። ወቅቱ ሲያልፍ ላባውን ይቀይርና እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። ታኅሣሥ ላይ ድንጋዬ አጠገብ "ተራ ወፍ" ብዬ ያለፍኳቸውን ፎቶዎች ሳይ ሳቄ መጣ። ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነበረ፤ ልብስ ቀይሮ።

ቁራውም እንደዚሁ ነው ያሳፈረኝ። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ መንቆሩ መጥረቢያ የሚያህል ትልቁ ቁራ። ልጅ ሆነን ድንጋይ እንወረውርበት ነበር። ይኸው ቁራ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይገኝም። እሱን ለማየት ባሕር አቋርጦ የሚመጣ ሰው አለ። እኔ በወንጭፍ ነበር የማየው።

ኅዳር የብርሃን ወር ነው። ዝናቡ አየሩን አጥቦት ሄዷል፣ አቧራው ገና አልተነሳም። ከድንጋዬ ላይ ወጨጫ በምዕራብ፣ የረር በደቡብ ምሥራቅ፣ ራቅ ብሎ ደግሞ የዝቋላ ጉብታ ይታያል። ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። ጣቶቼ ደንዝዘው ቁልፏን ተጫንኳት አልተጫንኳትም የማላውቅበት ጠዋት ነበር። ኅዳር 12 ቀን ግን ያ ሁሉ ጥራት የለም፤ ኅዳር ሲታጠን ከላይ ሆናችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጊዜ የተጀመረው ቆሻሻ የማቃጠል ልማድ ነው። ከታች ሲሆን ያስላል። ከላይ ሲሆን ከተማው በሙሉ ከጭሱ ሥር ገብቶ ረጃጅሞቹ ፎቆች ብቻ አንገታቸውን ያወጣሉ። ለሳንባ መጥፎ ነው፤ ለፎቶ ግን፣ ይቅር ይበለኝ፣ ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ያለ አላገኘሁም።

እማማን ያገኘኋቸው በዚያው ወር ነው። ከባሕር ዛፉ መሐል ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል ይወርዳሉ። ጎንበስ ብለው፣ ከጀርባቸው ፀሐይ፣ አቧራው በብርሃኑ ውስጥ። ሳልጠይቅ ካሜራዬን ቀና አደረግኩ። ቆሙ።

"አንተ ልጅ፣ ምን ልታነሳ ነው?"

"ፎቶ ነበር እማማ። ይቅርታ።"

"ሸክሙን ብታነሳልኝ አይሻልም?"

ምን ይባላል? ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ተሸከምኩት። መቶ እርምጃ አልሞላሁም። ወገቤ ሁለት ቦታ የተቆረጠ መሰለኝ። እሳቸው ከኋላዬ እየሳቁ ይመጣሉ። መልሼ ሳሸክማቸው "በል አሁን አንሳ፤ ግን አጥበህ ታመጣልኛለህ" አሉኝ። አነሳሁ። አሳጠብኩና ከዚያ በኋላ በወጣሁ ቁጥር ፎቷቸው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ስለ ባሕር ዛፉ ካነሳሁ አይቀር፦ ከአውስትራሊያ የመጣው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ከተማው ማገዶ አጥቶ ሲቸገር ያተረፈው እሱ ነው። ክፉ አልናገረውም። ፎቶ ላይ ግን ባዶ ነው። ከሥሩ ቅጠልና ቅርፊት እንጂ ብዙ ነገር አይበቅልም። ግንድ፣ ግንድ፣ ግንድ፣ አለቀ። ጽድ፣ ወይራ ወይም አስታ ያለበት ቦታ ስትደርሱ ግን ድምፁ ራሱ ይቀየራል። ወፍ አለ፣ ንብ አለ፣ ግንዱ ላይ ሽበት አለ። አንድ ጽድ ስር ግማሽ ቀን መቀመጥ ይቻላል።

በጋው በአብዛኛው ሰማያዊ ሰማይና ቢጫ ሣር ነው። ብዙ የምለው የለኝም። የካቲት ላይ አቧራው ዝቋላን ወሰደው። ከድንጋዬ ላይ ያነሳኋቸው ሦስት ተከታታይ ፎቶዎች አንድ ናቸው ብትሉኝ አልከራከርም። ያኔ ሰልችቶኝ ሌላ ቦታ ለመሞከር ሄድኩና በር ላይ ያለው ጥበቃ "በስልክ ይቻላል፣ በካሜራ ክልክል ነው" አለኝ። ስልኬ ከዚያች አሮጌ ካሜራ የተሻለ እንደሚያነሳ ላስረዳው ሞከርኩ። "እሱን አላውቅም፤ ካሜራ ግን ክልክል ነው።" ወደ ድንጋዬ ተመለስኩ።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ዘነበ። አንድ ሌሊት ብቻ። በማግስቱ ዝቋላ ቦታው ላይ ነበር፤ አንድ ሰው በጨርቅ የወለወለው ይመስል። ከዚያ በኋላ የገባኝ ነገር ይኼ ነው፦ ሩቅ ለማየት ጥሩው ቀን ፀሐያማው ቀን አይደለም፣ የዘነበ ማግስት ነው። ታች ከተማ ውስጥ ደግሞ ጃካራንዳው አብቦ መንገዱ ሐምራዊ ሆኗል። የረገፈውን አበባ ጠራጊዎቹ ሳያነሱት ለመድረስ 12 ሰዓት ላይ መውጣት ያስፈልጋል።

ግንቦት ላይ በረዶ ወረደብኝ። ሮጬ አንድ የቆርቆሮ መጠለያ ሥር ስገባ እማማ ቆመው አገኘኋቸው። ስድስት ወር ሙሉ የተሸከምኩትን ፎቶ አውጥቼ ሰጠኋቸው። አራቁት፣ አቀረቡት።

"እግሬን የት ጣልከው?"

እውነታቸውን ነው። ከጉልበታቸው በታች ቆርጬዋለሁ። ሸክሙን፣ ፊታቸውን፣ ብርሃኑን ሳይ እግራቸውን ረስቼዋለሁ። የሚሄዱት በእግራቸው እኮ ነው! "ሌላ ጊዜ ሙሉዬን" አሉና ፎቶውን ለብርጭቆ እንደሚጠነቀቅ ሰው በፌስታል ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት።

ክረምቱን ፈርቼው ነበር። ሰኔ መጨረሻ ላይ ሌንሴ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር አየሁ። ሻጋታ ነው። እርጥበት ያለበት ቤት ውስጥ ቦርሳ ውስጥ ዘግቶ ማስቀመጥ ነው የሚያመጣው። አስጠረግኩት፤ ብሩ አሁንም ያመኛል። ከዚያ ወዲህ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ትንንሽ ከረጢቶች ከሰፈር ሰው ሁሉ እለምናለሁ። በሚከደን የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከካሜራዋ ጋር አብሬ አስቀምጣቸዋለሁ። ሰዎች አበደ ይሉኛል።

ግን ሐምሌን የመሰለ ብርሃን የለም። ደመናው እንደ ትልቅ ነጭ መጋረጃ ነው፤ ብርሃኑ ከሁሉም በኩል እኩል ይመጣል። ጽዱ ጥቁር አረንጓዴ፣ ግንዱ ላይ ያለው ሽበት ብር መስሎ። ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ ያው ስለሆነ አርፍጄ ብደርስም ግድ የለኝም፤ ለእኔ ዓይነቱ እንቅልፋም ተመራጭ ወር ነው። ደግሞ ውሃው! የእንጦጦ ሸንተረር የውሃ ድንበር ነው። በሰሜን በኩል የወረደው ጠብታ ወደ ዓባይ ይገባና ግብፅ ድረስ ይሄዳል። በእኛ በኩል የወረደው አዋሽን ይቀላቀልና አፋር ላይ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል፤ ባሕር አያይም። አንድ እግሬን ወዲህ፣ አንድ እግሬን ወዲያ አድርጌ የጫማዬን ፎቶ አነሳሁ። ጭቃ ብቻ ነው የሚታየው። ወድጄዋለሁ።

ጳጉሜን ላይ ከድንጋዩ ያነሳኋቸውን ሁሉ አሳጥቤ ወለሉ ላይ ደረደርኳቸው። እናቴ ቡና እያፈላች በእግሯ ጣት እየጠቆመች ትጠይቃለች። አንዷ ሙሉ በሙሉ ነጭ ናት፤ የሐምሌ ጭጋግ።

"ይቺስ? ዛፉ የታለ?"

"እዚያው ነው። ጭጋግ ውስጥ።"

"እና ምኑን ነው ያነሳኸው?" አለችና ወደ ጥሯ ፎቶ ዞረች። ጎንበስ ብላ አነሳቻት። ከጽዱ በስተግራ፣ በታች በኩል፣ የሽሮ ሜዳ ቆርቆሮዎች ይታያሉ። ከቆርቆሮዎቹ መሐል የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ቀይ ነጥብ አለች። ፎቶዋን ወደ መስኮቱ ወስዳ ብዙ አየቻት።

"ይቺ የኔ ብርድ ልብስ ናት። ተሰጥታ።"

እንዴት ሊታወቅ ይችላል ብዬ ልከራከር ነበር። እሷ ግን ቀኑንም አስታወሰች፤ ከጥምቀት በፊት ያለው ቅዳሜ ነው አለች። ፎቶዋ ላይ ያለውን ቀን አየሁ። ቅዳሜ ነበር።