ጅራፍ የያዘች ሱፐርሂሮ፦ አንዱን ክፍል ጎጃም ላይ እንዴት እንደሠራነው

የጎጃም ተመልካች ከሰው በላይ ኃይል ያለው ሰው በቴሌቪዥን ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከየት አመጣው?» ብሎ ነው። ምን ያህል ይችላል የሚለው በኋላ ይመጣል። ከእግዚአብሔር ነው እንዳይባል ጀግናው ጻድቅ አይደለም፤ ከእግዚአብሔር ካልሆነ ደግሞ መተት ነው፣ ድግምት ነው፣ የሆነ ደብተራ እጁን አስገብቶበታል። ደብረ ማርቆስ ላይ የቴሌቪዥን ተከታታያችንን የአንድ ክፍል ስክሪፕት ለሽማግሌም ለወጣትም ሳነብ ይህ ጥያቄ ሳይነሳ አያልፍም ነበር። ሸረሪት ነከሰው፣ ከሌላ ዓለም ወደቀ ብሎ መመለስ እዚህ አያዋጣም። ስለዚህ ኃይሉን ሰው ሁሉ በእጁ ይዞት ከሚያውቀው ነገር ውስጥ መፈለግ ነበረብኝ።

ጅራፍን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ፍልሰታ ሲገባ ቃጫው ይገመዳል፤ ነሐሴ 13 ቡሄ እስኪደርስ ማታ ማታ ከዚህ መንደር ሲጮህ ከማዶ ይመለስለታል። ጅራፍ የሚጮኸው ገመዱ እርስ በርሱ ስለሚማታ የሚመስላቸው ብዙ ሰዎች አሉ። ነገሩ ሌላ ነው። ከእጀታው የተነሳው ሞገድ ገመዱ እየቀጠነ በሄደ መጠን እየፈጠነ ይሄዳል፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ የድምፅን ፍጥነት ያልፋል፤ በሰከንድ ከ340 ሜትር በላይ ማለት ነው። የምንሰማው «ጧ» ከድምፅ የቀደመ ጄት የሚያሰማው ዓይነት ፍንዳታ ነው። አንድ እረኛ ያለ ሞተር፣ በክንዱ ብቻ የድምፅን ግድግዳ ይሰብራል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ሌላ ኃይል መፈለጌን ተውኩ።

ታሪኩ አጭር ነው። ጮቄ ላይ ከብት የምትጠብቅ ልጅ አለች፤ ስም አላወጣንላትም፤ አገሩ «እረኛዋ» ይላታል። የእሷ ጅራፍ ሸንተረር ተሻግሮ ይሰማል። 4,100 ሜትር ግድም በሚደርሰው ተራራ አናት ላይ ዶፍ ሲወርድ ታች ቆላው ፀሐይ ሊሆን ይችላል፤ ከጮቄ የሚነሳው ጨሞጋ ሞልቶ ሲመጣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ወንዙ ውስጥ ናቸው። ከላይ ሆና ያየችው እሷ ብቻ ናት። ጅራፏን ታጮሃለች፤ በእያንዳንዱ ጩኸት የራሷ የመስማት አቅም እየተቀነሰ ይሄዳል። ሌላ ክፉ ሰው፣ ሌላ ጭራቅ አላስገባንም። ደራሽ ውኃ ያየ ሰው ከዚያ የከፋ ጠላት አይጠይቅም።

ካባዋ ገሳ ነው፤ ከሣር የሚሠራው የዝናብ መከላከያ። የውጮቹ ጀግኖች ካባ የሚለብሱት ለግርማ ነው፤ ጮቄ ላይ ግን ገሳ ያልደረበ እረኛ ክረምቱን አይወጣውም። ነፋስ ሲያነሳው፣ ዝናቡ ከጫፉ ጫፍ ሲንጠባጠብ፣ ከጀርባዋ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ቆሞ በካሜራ ስናየው የልብስ ባለሙያችን ሌላ ምንም አልጨመረችም። አንድ ችግር ነበረው፤ ይንኮሻኮሻል። አንገቷ ሥር የሚደበቅ ትንሽ ማይክ ስላልተቻለ ንግግሯን ሁሉ ከላይ በተንጠለጠለ ማይክ ቀዳን፤ ለዚያ ስንል ረጃጅሙን ምልልስ አሳጠርነው። ክፍሉ የተጠቀመው በዚህ ይመስለኛል፤ እረኛ ብዙ አያወራም።

ገና በዝግጅቱ ወቅት «ጀግና አጥታችሁ ነው? በላይ ዘለቀ የት ሄዶ?» ያሉን አባት ነበሩ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ መልስም ይገባዋል። በላይ ከጣሊያን ጋር በጎጃም ዱር የተዋጋ፣ በ1937 ዓ.ም. የተሰቀለ፣ ሥጋ ለባሽ ሰው ነው። ጥይት የማይበሳው፣ የሚበር ሰው አድርጌ ብሠራው ድፍረቱን ነጠቅሁት ማለት ነው። የእውነት ጀግና ፈርቶም ቢሆን የቆመ ሰው ነው። ልዕለ ኃይል የሚሰጠው ለፈጠራ ገጸ ባሕርይ ብቻ መሆን አለበት ብዬ ያን ጊዜ አመንኩ፤ ዛሬም አልተለወጥኩም።

ተዋናይት ስንመርጥ ግጥም አላስነበብንም። «የራቀች ላም ጥሪ» አልናቸው። አብዛኞቹ ጮኹ። የመረጥናት ልጅ አልጮኸችም፤ እጇን አፏ ዳር አድርጋ ድምፁን አስረዘመችው። ጅራፉን ያስተማሯት በአካባቢው ሁሉም «አያ» የሚሏቸው አረጋዊ እረኛ ናቸው። ጅራፉን ጭንቅላቷ ላይ አዙራ በኃይል ስትስበው «አይ ልጄ፣ አትጎትችው። ላኪው፤ ሄዶ ሲጨርስ ያን ጊዜ ጥሪው» አሏት። ከዚያ በኋላ ክንዷ ሲላላና ጅራፉ ሲጮህ አንድ ላይ ሆነ። እውነተኛ ጅራፍ በእውነተኛ እጅ መጮሁ ከማንኛውም የኮምፒውተር ብልጭታ ይበልጥብኛል፤ ጫፉ ላይ ሰማያዊ ብርሃን እንጨምር የሚለውን ሐሳብ ያልተቀበልኩት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ድምፁ ልምጣ፤ ክፍሉን የሠራው እሱ ነው።

ጅራፍ መቅዳት ከባድ ነው። ጩኸቱ እጅግ አጭር ስለሆነ የመቅጃው መለኪያ ሳያሳየው ያልፋል፤ ድምፁ ግን ጣሪያ ነክቶ ይቆረጣል። የድምፅ ባለሙያችን መጠኑን ከንግግር ቀረፃ በጣም ዝቅ አድርጎ፣ ማይኩን ከጅራፉ መስመር ጎን አቆመው። እንዲያም ሆኖ ከቅርብ የተቀዳው ደረቅ ነው፤ እንጨት የተሰበረ ያህል ብቻ ይሰማል። ግርማው ያለው ሸለቆው ውስጥ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ መቅጃ ማዶ ላኩ፤ ከዳር እስከ ዳር 700 ሜትር ያህል ይሆናል። ከማዶ የመጣው ቅጂ ጩኸቱን፣ ቀጥሎ ገደሉን፣ ቀጥሎ ሌላ ገደል ይዞ መጣ። የተጠቀምንበት እሱን ነው።

እዚህ ላይ ከኤዲተሩ ጋር ተከራከርን። ከማዶ በተቀረፀው ምስል እረኛዋ ትንሽ ሆና ትታያለች፤ ክንዷ ሲወነጨፍ ምንም አይሰማም፤ ሁለት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ነው ድምፁ የሚደርሰው። በሰከንድ በ25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲሰላ 50 ፍሬም ጸጥታ ነው። «ድምፁ ከምስሉ ወደኋላ ቀርቷል፤ ላገናኘው» አለኝ። ለቴሌቪዥን ሰው ይህ ስህተት ነው፤ ጣቢያውም ሊመልሰው ይችላል። እኔ ግን ተወው አልኩት። ማዶ ቆሞ ጅራፍ የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ክንዱን ያያል፣ ከዚያ ይጠብቃል። ያንን መጠበቅ ከቆረጥነው ርቀቱም አብሮ ይጠፋል፤ ርቀቱ ከጠፋ ኃይሏ ምኑ ላይ ነው?

ጆሮዋ ሲደክምም ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ እያነሳን ወፍራሙን ብቻ ማስቀረት የተለመደ መንገድ ነው። ነገር ግን የቤት ቴሌቪዥንና የስልክ ድምፅ ማጉያ ወፍራሙን ድምፅ በደንብ አያወጣም፤ ተመልካቹ «ድምፁ ተቋረጠ» ብሎ ሪሞት ያነሳል። ስለዚህ መካከለኛውን ድምፅ ሳናነሳ ተውነው፤ ወንዙ እንደ ጉምጉምታ ይሰማል፣ የእናቷ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ቃሉ የለም። እያንዳንዱን ሙከራ በጥሩ ማዳመጫ ሳይሆን በአንድ ቡና ቤት አሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ነው የሰማነው። ለቴሌቪዥን የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ቢያደርግ ደስ ይለኛል።

ክፍሉ በተላለፈበት ምሽት እዚያው ቡና ቤት ነበርኩ። ያ ጸጥታ ሲመጣ ከኋላዬ አንድ ሰውዬ «አሁን ይደርሳል» አለ፤ ደረሰ። ቤቱ ሁሉ አጨበጨበ። በሙያዬ ከዚያ የበለጠ ነገር አልሰማሁም።

ክርክሩም ያኔውኑ ተጀመረ። «ሴት ልጅ ጅራፍ ታጮሃለች እንዴ?» ያለውን ሰው አንዲት እናት «ከብቱን ማን ሲጠብቀው ኖሮ ነው ታዲያ?» ብለው መለሱለት። አዲስ አበባ ያሉ ወጣቶች ደግሞ ይህ ምን ሱፐርሂሮ ነው፣ አትበር፣ ከማንም አትደባደብ አሉ። የሚያውቁትን ዓይነት ጠብቀው ነው፤ አልፈርድባቸውም። መስማት የፈለግሁት ግን የአንድ የኔታን አስተያየት ነበር፤ ስክሪፕቱን ሳነብላቸው ከሁሉም አጥብቀው «ከየት አመጣችው?» ያሉት እሳቸው ናቸውና። አይተው ሲጨርሱ «መተተኛ የሚያስከፍለው ሌላውን ነው። ይቺ ልጅ ከራሷ ነው የከፈለችው» አሉኝ። የመጀመሪያውን ጥያቄ በምልልስ ለመመለስ ስንት ገጽ ጽፌ እንደቀደድኩ አሰብኩ፤ የመለሰው የጆሮዋ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ለማንኛውም ገጸ ባሕርይ ኃይል ከመስጠቴ በፊት ምን እንደሚያስከፍለው እጽፋለሁ።

እናቶች ሌላ ቅሬታ አመጡ። ቡሄ ሳይደርስ ልጆቹ መንገድ ላይ ጅራፍ ማጮህ ጀመሩ፤ ጅራፍ ዓይን ያጠፋል። ለድጋሚ ስርጭቱ አያን ካሜራ ፊት አቁመን፣ ሰው በሌለበት ገላጣ ቦታ፣ ፊትን ወደ ነፋሱ ሳያዞሩ እንዴት እንደሚያዝ በራሳቸው አነጋገር አስረዱ። ልጆቹ ከእኛ ይልቅ እሳቸውን ሰሙ።

አሁን በየሄድኩበት የሚጠይቁኝ «ጆሮዋ ይመለሳል ወይ?» ብለው ነው። አይመለስም። ቢመለስ ኖሮ የኔታ ያሉት ሁሉ ውሸት ይሆናል። ተዋናይቷ መስማት ከተሳናቸው መምህርት ጋር የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ እየተማረች ነው፤ በሚቀጥለው ክፍል ከእናቷ ጋር የምታወራው በእጇ ይሆናል። እናቷን የምትጫወተው ተዋናይትም ትምህርቱን ጀምራለች።