ሽታውን ትቼ እርጥበቱን ስከተል፦ የሰባት ወር ማስታወሻ

አራት የወተት ላሞችና 120 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። ከብት ማርባት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ጠረኑን፣ አቧራውንና ቆሻሻውን በወጉ መያዝ መማር የጀመርኩት ግን ገና ከሰባት ወር በፊት ነው። የቀሰቀሱኝ ጎረቤቴ ናቸው። አንድ ጠዋት በአጥሩ በኩል ጠሩኝና «ልጄ፣ ከአንተ ጋር መጣላት አልፈልግም። ግን አጥቤ ያሰጣሁት ልብስ ሁሉ በረት በረት ይሸታል» አሉኝ። ሳይቆጡ ነው የነገሩኝ። ይበልጥ የከበደኝም እሱ ነው።

የመጀመሪያው ወር ስህተት ነበር። ይሸታል ስባል ማጠብ ጀመርኩ። ጠዋትና ማታ ወለሉን በውሃ አጥለቀልቀዋለሁ። እበቱም ሽንቱም ውሃውም ተደባልቆ ከበረቱ ጀርባ ወዳለው ጉድጓድ ይወርዳል። በረቱ ለግማሽ ሰዓት ንጹሕ ይመስላል። ጉድጓዱ ግን በሦስተኛው ሳምንት እንደተበላሸ እንቁላል መሽተት ጀመረ። ውሃ የተኛበት እበት አየር አያገኝም። አየር በሌለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ደግሞ ሃይድሮጅን ሰልፋይድን የመሳሰሉ ጋዞች ያመርታሉ።

ስለዚህ ጋዝ አንድ ነገር ልበልና ወደ ጉዳዬ እመለሳለሁ። መጠኑ ሲበዛ የማሽተት ችሎታን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። የቆየ ጉድጓድ ሲማሰል ታምቆ የነበረው ባንዴ ይለቀቃል። የወደቀ ሰው ሊያወጡ ገብተው አብረው የሞቱ አሉ። እኛ ጉድጓዱን ባዶ ስናደርግ ላሞቹን አርቀን አሰርን። ነፋሱን ከጀርባችን አድርገን ቆምን። ረጅም እጀታ ባለው መጨለፊያ ከላይ ብቻ ጨለፍን። ማንም አልወረደም። እባካችሁ፣ እናንተም ጋ ማንም አይውረድ።

ሁለተኛው ወር ላይ ቁጭ ብዬ ሒሳብ ሠራሁ። አንዲት የወተት ላም በቀን የክብደቷን 8 በመቶ የሚጠጋ እበትና ሽንት ታወጣለች። የእኔዎቹ እያንዳንዳቸው ወደ 450 ኪሎ ይመዝናሉ። ስለዚህ ከአንዷ 36 ኪሎ፣ ከአራቱ 144 ኪሎ፣ በየቀኑ። ቁጥሩን በከሰል የበረቱ ግድግዳ ላይ ጻፍኩት። እስካሁን አለ። እኔ በዚህ ላይ በርሜል በርሜል ውሃ ስጨምርበት ነበር።

ከዚያ በኋላ የገባኝ ትልቁ ነገር ሽንትና እበትን መለየት ነው። ትኩስ ሽንት ብቻውን ያን ያህል አያስቸግርም። ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ እበት ውስጥ ካለው ኢንዛይም ጋር ሲገናኝ ግን በሰዓታት ውስጥ ወደ አሞኒያ ይለወጣል። ዓይን የሚያቃጥለው እሱ ነው። ስለዚህ ወለሉን አፍርሼ እንደገና በሲሚንቶ አስለሰንኩት፤ በእያንዳንዱ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ቦይ እንዲያዘቀዝቅ አድርጌ። ሽንቱ ወዲያው ይወርድና ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ ይገባል። እበቱን ጠዋትና ማታ በደረቁ እጠርጋለሁ። ውሃ የምጠቀመው መጨረሻ ላይ፣ ያውም በትንሹ ነው። ጣሪያው ላይ አሸንዳ ገጥሜ የዝናቡን ውሃ በሌላ በኩል አስወጣሁት። ንጹሕ ውሃ ከቆሻሻው ጋር ከተደባለቀ በኋላ ሁሉም ቆሻሻ ነው።

ሦስተኛው ወር የብስባሽ ነው፤ እበትን ከገለባ ጋር ከምሮ ማዳበሪያ እስኪሆን ማብላላት። የመጀመሪያው ክምሬ አልተሳካም። ቀዝቃዛ፣ ጥቁርና የሚያጣብቅ ሆነ። መሃሉን በመንሽ ስከፍተው ያው የጉድጓዱ ጠረን ነበር። ሁለተኛውን ስከምር ከእያንዳንዱ ንጣፍ አንድ እፍኝ እያነሳሁ ጨመቅኩ። ውሃ ከጣቶቼ መሃል ከወረደ በጣም ረጥቧል፤ ደረቅ ገለባ ይጨመራል። እጄን ስከፍተው ከተበተነ ደርቋል። አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ብቅ ካለና እፍኙ ቅርጹን ከያዘ ልክ ነው። ይህ ከ50 እስከ 60 በመቶ እርጥበት ማለት ነው። በአብዛኛው ከገለባው የሚገኘው ካርቦን ደግሞ በአብዛኛው ከእበቱ የሚገኘውን ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። የዶሮ ኩስ ናይትሮጅን ስለሚበዛበት ከላም እበት የበለጠ ገለባ ወይም ሰጋቱራ ይፈልጋል።

በአራተኛው ቀን ክምሩ ውስጥ የሰካሁትን ብረት ስስበው በእጄ ልይዘው አልቻልኩም። በማግስቱ ቴርሞሜትር ተውሼ ለካሁት፤ 61 ዲግሪ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ከ65 ካለፈ ጠቃሚዎቹ ተሕዋስያንም ስለሚጎዱ ይገለበጣል። ከ55 በላይ ለ15 ቀን ቆይቶ በመሃሉ አምስት ጊዜ ከተገላበጠ አብዛኞቹ በሽታ አምጪዎች ይሞታሉ፤ የአብዛኛው አረም ዘርም ይጠፋል። አሁን ስገለብጠው እንፋሎት ይወጣል፤ ጠረኑ ዝናብ የነካው አፈር ዓይነት ነው።

አንድ ጥፋት ግን ሠራሁ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ገለበጥኩትና ጎረቤቴ መስኮታቸውን ሲዘጉ ሰማሁ። ነፋስ በሌለበት ምሽት ከመሬቱ አጠገብ ያለው አየር ይቀዘቅዛል። ሽታው ወደ ላይ መውጣት አቅቶት መሬት ለመሬት ይሄዳል። አሁን የምገለብጠው ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ ነው። እንጨት ላይ ቁራጭ ጨርቅ አስሬአለሁ፤ ወደ እሳቸው ቤት ከተውለበለበ ሥራው ይቆያል።

አቧራውን የነቃሁበት በአምስተኛው ወር ነው። በደረቁ ሰሞን ዶሮ ቤቱን ጠርጌ ማታ ማታ ሳል ያዘኝ፤ ሁለት ሳምንት አልለቀቀኝም። አንድ ጠዋት መኖ ከጆንያ ስገለብጥ ፀሐይ በበሩ ስንጥቅ ገብታ ነበር። በዚያ ብርሃን ውስጥ የሚንሳፈፈውን አየሁት። የመኖ ዱቄት፣ የላባ ብናኝ፣ የደረቀ ኩስ፣ ሁሉም አንድ ላይ። የገረመኝ ሌላም አለ። ጠረን አቧራ ላይ ተሳፍሮ ይሄዳል። ያረፈበት ላይም ይቀራል። የጎረቤቴ ልብስ ነገር ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባኝ።

እርጥበት እዚህም ዋናው ነው፤ በተቃራኒው በኩል። የዶሮ ጉዝጓዝ እርጥበቱ ከ20 እስከ 25 በመቶ ሲሆን ጥሩ ነው። ከ30 ሲያልፍ ይጋገርና አሞኒያ ያወጣል፤ ከ20 ሲወርድ ይቦናል። ሲጨብጡት ትንሽ ተያይዞ፣ እጅ ሲከፍቱ የሚፈረካከስ መሆን አለበት። መኖውን አሁን ጆንያውን ዝቅ አድርጌ ቀስ ብዬ ነው የማፈሰው። ከመጥረጌ በፊት ወለሉን ውሃ እረጭበታለሁ፤ እርጭት ብቻ፣ ማጠብ አይደለም። ፊት ላይ ግጥም የሚል ኤን 95 ጭምብል አደርጋለሁ። ተራ ጨርቅ ጥቃቅኑን ብናኝ አይዝም።

ዝንቡን በአጭሩ፦ በሞቃት ወቅት ከእንቁላል እስከ በራሪ ዝንብ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ይበቃል። ስለዚህ ማዕዘኖቹንና ከመኖ ገንዳው ሥር ያለውን በየሦስት ቀኑ እጠርጋለሁ። ትሉ ሳያድግ ይሄዳል።

ከሁሉም የጠቀመኝ ግን ደብተሩ ነው። አፍንጫዬ ለምዷል፤ ውስጥ የሚውል ሰው ሽታውን መመዘን አይችልም። ስለዚህ ጎረቤቴን ለመንኳቸው። «ሲሸትዎት ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ ይንገሩኝ» አልኳቸው። እኔ ደግሞ የዚያን ዕለት ነፋሱን፣ ዝናቡንና የሠራሁትን እጽፋለሁ። በመጀመሪያው ወር 19 ጊዜ ነገሩኝ። ባለፈው ወር አራት ጊዜ። ከአራቱ ሦስቱ ዝናብ በዘነበ ማግስት ጠዋት ናቸው። ተከትዬ ስፈልግ ዶሮ ቤቱ ውስጥ የሚያንጠባጥብ መጠጫ አገኘሁ። ከሥሩ ያለው ጉዝጓዝ እንደ ቂጣ ተጋግሯል። አወጣሁት፤ መጠጫውንም ቀየርኩ። ዝናቡ ግን አሁንም በበሩ በኩል ያስገባል። በዚህ ሳምንት የበሩን ጣሪያ አስረዝማለሁ።

የሽንቱን በርሜል በተመለከተ አንድ ጥያቄ አለኝ። በውሃ አቅጥኜ ለሣር እጠቀምበታለሁ፤ ዝናብ ሲበዛ ግን መሬቱ አይቀበልም፤ በርሜሉም ይሞላል። በዚህ ወቅት የት እያቆያችሁት ነው? የሞከረ ካለ ይጻፍልኝ።