የቆየ ካድ ሶፍትዌር «ላይሰንስ የለም» ሲል፦ ስህተቱን ከቁጥሩ ተነስቼ የማገኝበት መንገድ

ትናንት ይሠራ የነበረ የካድ (በኮምፒውተር የንድፍ ሥራ) ፕሮግራም የላይሰንስ (የፈቃድ) ፋይል ዛሬ እምቢ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተለወጠው ፋይሉ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ነገር ነው፦ የኔትወርክ ካርዱ፣ የኮምፒውተሩ ስም፣ ሰዓቱ ወይም ፋየርዎሉ። ፕሮግራሙን ነቅሎ እንደገና መጫን ከእነዚህ አንዱንም አያስተካክልም። እንዲያውም በአክቲቬሽን (በአምራቹ ማረጋገጫ) የሚሠራ የድሮ ሥሪት ከሆነ አንዴ የተነቀለው ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ምንም ከመንካቴ በፊት ሁለት ነገር አደርጋለሁ፦ የላይሰንስ ፋይሉን ሌላ ቦታ ኮፒ አደርጋለሁ፣ በስህተት መልእክቱ ውስጥ ያለውን ቁጥርም እጽፋለሁ።

እዚህ የማወራው በፍሌክስኤልኤም (በኋላ ፍሌክስኔት በተባለው የላይሰንስ መቆጣጠሪያ) ስለሚሠሩት ፕሮግራሞች ነው። የአውቶካድ፣ የሶሊድወርክስ፣ የክሪዮና የኤንኤክስ የቆዩ የኔትወርክ ላይሰንሶች ሁሉ በዚህ ያልፋሉ። የስህተት ቁጥሮቹም በሁሉም አንድ ናቸው። -1 ፕሮግራሙ ፋይሉን ጭራሽ አላገኘውም ማለት ነው፤ -2 የአጻጻፍ ስህተት፣ -10 ጊዜው ያለፈበት፣ -5 ደግሞ የተጠየቀው ፊቸር (ላይሰንስ የሚያስፈልገው የፕሮግራሙ ክፍል) በፋይሉ ውስጥ የለም።

-1 ሲመጣ መጀመሪያ የማየው የፋይሉን ስም ነው። በኖትፓድ ሴቭ ሲደረግ «ነጥብ ኤልአይሲ» ብሎ ማለቅ የሚገባው ስም ላይ «ነጥብ ቲኤክስቲ» ይጨመርበታል፤ ዊንዶውስ ደግሞ ቅጥያውን ስለሚደብቅ ለዓይን ትክክል ይመስላል። ቀጥዬ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብሎቹን (ፕሮግራሞች እንዲያነቧቸው ዊንዶውስ ውስጥ የሚቀመጡ ስምና ዋጋዎችን) አያለሁ። «ኤልኤም_ላይሰንስ_ፋይል» የሚባለውን ሁሉም የፍሌክስ ፕሮግራሞች ያነቡታል፤ አንዱ ፕሮግራም ሲጫን የጻፈው አድራሻ ሌላውን የሚያሳስተው በዚህ ነው። እኔ የየአምራቹን የራሱን ቫሪያብል እመርጣለሁ፤ ለአውቶዴስክ ለምሳሌ በ«ኤዲኤስኬፍሌክስ» የሚጀምረውን። ዋጋው ፖርት (የኔትወርክ በር ቁጥር)፣ የ«አት» ምልክት፣ ከዚያ የሰርቨሩ ስም ነው። ዊንዶውስ የድሮ አድራሻዎችን ሬጅስትሪ (የቅንብሮች ማከማቻ) ውስጥም ያስቀምጣል፦ በሶፍትዌር ሥር «ፍሌክስኤልኤም ላይሰንስ ማኔጀር» በሚለው ቁልፍ። ሰርቨር ተቀይሮ ፕሮግራሙ የድሮውን መፈለጉን ካላቆመ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እዚያ አለ።

ብዙ ሰዓት የሚበላው -8 እና -9 ነው። በፋይሉ ውስጥ «ፊቸር» ወይም «ኢንክሪመንት» ብሎ የሚጀምር እያንዳንዱ መስመር የራሱ ፊርማ አለው። ፊርማው የሚሰላው ከመስመሩ ይዘትና ከሰርቨሩ መለያ ቁጥር ላይ ነው። ከመለያው አንዲት ፊደል ወይም ከማብቂያ ቀኑ አንድ አሃዝ ከተነካ ፊርማው አይገጥምም፣ -8 ይመጣል። ያለ ስጋት የሚለወጡት በዋናነት በሰርቨር መስመር ላይ ያለው የኮምፒውተር ስምና ፖርት፣ በቬንደር (የአምራች) መስመር ላይ ደግሞ የአምራቹ ፕሮግራም ያለበት አድራሻና ፖርቱ ናቸው። ሳይነካም የሚበላሽበት መንገድ አለ፦ ፋይሉ ከኢሜይል ጽሑፍ ላይ ሲገለበጥ ረጃጅም መስመሮች ይቆረጣሉ። መስመር በሚቀጥልበት ቦታ መጨረሻ ላይ የባክስላሽ (\) ምልክት መኖር አለበት፤ ከእሱ በኋላ ባዶ ቦታ ካለ ላይነበብ ይችላል። በወርድ ከፍቶ ማስተካከል ደግሞ ቀጥ ያሉትን የጥቅስ ምልክቶች ወደ ተጠማዘዙ ሊለውጣቸው ይችላል። ስለዚህ ሁልጊዜ አባሪውን ራሱን አውርጄ ነው የምጠቀመው።

-9 ማለት መለያው የዚህ ኮምፒውተር አይደለም። «ኤልኤምሆስትአይዲ» የሚለውን ትእዛዝ አስኪዶ ውጤቱን ፋይሉ ውስጥ ካለው ጋር ማስተያየት ነው። የኢዘርኔት መለያ 12 የሄክሳዴሲማል ምልክቶች አሉት፤ ያለ ሰረዝና ያለ ነጥብ ይጻፋል። ሁሉም «ኤፍ» ሆኖ ከመጣ ትእዛዙ የኔትወርክ ካርዱን አላገኘውም ማለት ነው። በላፕቶፕ ላይ ዋይፋይ ሲዘጋ፣ ቪፒኤን ሲጫን ወይም ቨርቹዋል ካርድ ሲጨመር ውጤቱ ሊቀያየር ይችላል። ላይሰንሱ ከዲስክ ቮልዩም ቁጥር ጋር የታሰረ ከሆነ 8 ምልክት ነው፤ ዲስኩ ፎርማት ሲደረግ ይለወጣል። ማዘርቦርድ ከተቀየረ የሚሠራው ከአምራቹ በአዲሱ መለያ ፋይል ማስወጣት ነው። የድሮ ሥሪት ሲሆን ይህ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሃርድዌሩ ከመበላሸቱ በፊት ይጠየቅ።

በኔትወርክ ላይሰንስ -15፣ -96 እና -97 ይመጣሉ። -96 ሲሆን ሰርቨሩ መብራቱንና ስሙ ወደ አይፒ መተርጎሙን አያለሁ፤ በስሙ ፈንታ አይፒውን ጽፌ ከሠራ ችግሩ ዲኤንኤስ ነው። -97 ደግሞ ዋናው ላይሰንስ ማኔጀር እየሠራ የአምራቹ ዴመን (ከጀርባ የሚሠራው የአምራቹ የራሱ ፕሮግራም) አልተነሳም ማለት ነው፤ መልሱ የሰርቨሩ ሎግ (መዝገብ) ውስጥ አለ። -15 ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት አልተቻለም ማለት ነው፤ የተለመደው ምክንያቱ ፋየርዎል ነው፤ ነገሩ ደግሞ ሁለት ፖርት እንጂ አንድ አይደለም። ማኔጀሩ ሌላ ፖርት ካልተጻፈለት ከ27000 እስከ 27009 ባለው ውስጥ ይሠራል፤ ዴመኑ ግን ካልተነገረው በተነሳ ቁጥር የፈለገውን ፖርት ይይዛል። በዚህ ምክንያት ፋየርዎሉ ትናንት ያሳለፈውን ሰርቨሩ ሪስታርት ሲደረግ ይዘጋል። በቬንደር መስመር ላይ ፖርቱን ቋሚ ማድረግ ይፈታዋል፤ ለአውቶዴስክ የተለመደው 2080 ነው። ለማኔጀሩ ደግሞ ሶሊድወርክስ 25734 (ለዴመኑ 25735)፣ ኤንኤክስ 28000፣ ክሪዮ 7788 ይጠቀማሉ። ሰርቪሱን ካስቆምኩ በኋላ ፖርቱ እስኪለቀቅ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቄ ነው የማስነሳው፤ ሳይጠብቁ ማስነሳት ሌላ አሳሳች ስህተት ያመጣል።

-25 የሥሪት ጉዳይ ነው፦ ሰርቨሩ የያዘው ላይሰንስ ከተጠየቀው ሥሪት ያነሰ ነው። ከዚህ ለየት ያለው የፕሮግራሞቹ የእርስ በርስ ዕድሜ ነው። ማኔጀሩ ከዴመኑ፣ ዴመኑም ከካድ ፕሮግራሙ የፍሌክስ ሥሪት ማነስ የለባቸውም። አዲስ ማኔጀር የድሮውን ያገለግላል፣ የድሮ ግን አዲሱን አያገለግልም።

በአሮጌ ኮምፒውተር -88 ካየሁ መጀመሪያ የማዘርቦርዱን ባትሪ እቀይራለሁ። ባለ 3 ቮልቱ ሲአር2032 ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ከመብራት በተነቀለ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ፍሌክስም ከዛሬ ቀን በኋላ የተጻፉ የሲስተም ፋይሎችን ሲያገኝ ሰዓቱ ሆን ተብሎ የተመለሰ ይመስለዋል። ባትሪ ቀይሮ ሰዓቱን ማስተካከል ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሰዓቱ በስህተት ወደ ፊት ሄዶ የቆየ ከሆነ ግን የወደፊት ቀን ያላቸውን ፋይሎች በፍለጋ አግኝቶ ቀናቸውን ማስተካከል ያስፈልጋል።

ቁጥሩ ብቻውን ካልነገረኝ «ኤልኤምዲያግ» የሚለውን ትእዛዝ ፕሮግራሙ ባለበት ኮምፒውተር ላይ አስኬዳለሁ፤ ለእያንዳንዱ ፊቸር ለምን እንደተከለከለ ይዘረዝራል። ይህም ካልበቃ «ፍሌክስኤልኤም_ዲያግኖስቲክስ» የሚል ቫሪያብል ዋጋውን 3 አድርጌ ካድ ፕሮግራሙን አስነሳለሁ፤ አምራቹ ካልዘጋው የት የት እንደፈለገ የሚያሳይ ሎግ ይጽፋል። ሲስተካከል ቫሪያብሉን አጠፋለሁ፤ የሚሠራውን ፋይል፣ የሆስትአይዲውን ውጤትና የሁለቱን ፖርቶች ቁጥር አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጌ ከሰርቨሩ ውጭ አስቀምጣለሁ።