ፊቴን አትንኩት፦ ለሥራ ፎቶ ስነሣ የተማርኩት

ለሥራ የሚሆን ፎቶ ልትነሺ ከሆነ ከቀጠሮሽ በፊት ይህን አንብቢ። እኔን ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም። ስለ ልብስ የነገሩኝ ነበሩ። ስለ ፀጉርም እንዲሁ። ፎቶው ከተነሣ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ምን እንደሚደረግበት ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝ ደግሞ እሱ ነው።

ስትራክቸራል ኢንጂነር ነኝ። አዲስ አበባ አንድ አማካሪ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ድርጅታችን ጨረታ ሲገባ የባለሙያዎቹ የሥራ ልምድ ከነፎቷቸው ከሰነዱ ጋር ይያያዛል። ድረ ገጹ ላይም ይወጣል። እስከዚያ ጊዜ የነበረኝ ለመታወቂያ የተነሣሁት ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። እሱ ለዚህ አይሆንም። ጉርድ ፎቶ ላይ ቀጥ ብለሽ፣ ጆሮሽ ታይቶ፣ ሳትስቂ ነው የምትነሺው። የሥራ ፎቶ ግን ካንቺ ጋር ሊሠራ ያሰበ ሰው ገና ሳያገኝሽ የሚያይሽ ነው።

የኮሙኒኬሽን ክፍሉ አንድ ስቱዲዮ ተዋዋለና መመሪያ በቴሌግራም ላከልን። ለሴቶች ጥቁር ሱፍ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ የተተኮሰ ፀጉር፣ ቀለል ያለ ሜካፕ፣ ጥርስ የማይታይበት ፈገግታ። ለወንዶች ሱፍና ክራቫት። በቃ።

ቀኑ ደረሰ፣ ተነሣን። ፎቶ አንሺው ጎበዝ ነበር። መብራቱም ጥሩ። ካሜራው ላይ ሲያሳየኝ ራሴን አየሁ፤ ደስ አለኝ።

ከዚያ የተሠራው ፎቶ መጣ።

እኔ ጠይም ነኝ። ፎቶው ላይ ያለችው ሴት ቀይ ናት። አፍንጫዋ ከኔ ይቀጥናል። ዓይኔ አጠገብ ያሉት መስመሮች የሉም። በሳይት ላይ ፀሐይ ያመጣቸው ናቸው፤ የሥራዬ ናቸው። ቀኝ ጉንጬ ላይ ማርያም የሳመችኝ ምልክት አለ። ጠፍቷል። ልጅ ሆኜ ጎጃም አያቴ ጋ ሄጄ የተነቀስኩት ድዴ እንኳ ሮዝ ሆኗል። መመሪያው ጥርስ አይታይ ቢልም ፎቶ አንሺው ስስቅ ያነሣኝን ነበር የመረጠው። በዚህ አመሰግነዋለሁ። ግን ስቄ ያሳየሁትን ነገር ቀይረውታል።

ለእናቴ አሳየኋት። ስልኩን አቅርባ፣ አርቃ አየችው። «ማርያም የሳመችሽ የት ሄደ?» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። እኔም የምመልሰው አልነበረኝም።

ስቱዲዮ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣው ፎቶውን ኤዲት የሚያደርገው ልጅ ነው። «አፍክቼልሽ ነው እህቴ፣ ለሁሉም እንደዚህ ነው የምንሠራው» አለኝ። ለሁሉም አልነበረም። የወንዶቹን ፎቶ አንድ በአንድ አየሁ። የግንባራቸው መስመር እንዳለ ነው። ሽበታቸው እንዳለ ነው። ጥቁሩም ጥቁር፣ ጠይሙም ጠይም ሆኖ ነው የወጣው። ሴቶቹ ግን ሁላችንም አንድ ዓይነት ቀለም ተቀብተናል። የቀይ ዳማ የሆነችው ባልደረባዬና እኔ እህትማማች መስለናል። ጎን ለጎን ስንቆም ማንም እንደዚያ ብሎን አያውቅም።

ልጁን «ታዲያ ዋናውን ስጠኝ» አልኩት። «ኦርጅናል አንሰጥም» አለ። ለምን? «ያልተሠራ ፎቶ ከወጣ ስማችን ይበላሻል።» የኔ ፊት ሳይነካ ከወጣ የእነሱ ስም የሚበላሽበት ምክንያት ምን እንደሆነ ዛሬም አይገባኝም።

ወደ ኮሙኒኬሽን ኃላፊው ሄድኩ። «ሰነዱ ገብቷል፣ አሁን አይቀየርም» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ «ምን ሆነሻል? አምሮብሻል እኮ!» አለ። ይህች አባባል ናት በጣም ያናደደችኝ። የመጣሁት አምሮብኛል ወይ ብዬ ልጠይቅ አልነበረም። የሥራ ልምዴ ሥር «ከላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው» ብዬ ፈርሜአለሁ። ከላይ ያለው ፎቶ ግን የኔ አይደለም። ይህን ነገርኩት። «ሌሎቹ እኮ ወደውታል» አለ። እውነቱን ለመናገር የወደደች ነበረች፤ መብቷ ነው። ሳትጠየቅ መደረጉ ነው ጥያቄዬ። እሷም አልተጠየቀችም።

ከዚያ ጨረታውን ላወጣው መሥሪያ ቤት ገለጻ ልናደርግ ሄድን። ሰነዱ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። አንደኛው ገምጋሚ ፎቶውን አዩ፣ ተሰብሳቢውን አዩ፣ ከዚያ «ኢንጂነሯ አልመጡም?» ብለው ጠየቁ። እኔ ፊት ለፊታቸው ተቀምጫለሁ። «እኔ ነኝ» አልኩ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ከፎቶው ጋር ሲያነጻጽረኝ ይታወቀኛል። የመጀመሪያውን የገለጻ ክፍል እንዴት እንዳቀረብኩት አላስታውስም። ስለ መሠረቱና ስለ አፈሩ ምርመራ ማውራት ስጀምር ነው ወደ ራሴ የተመለስኩት። ገለጻው ጥሩ ነበር፤ በእሱ እኮራለሁ። ግን አንድ ባለሙያ ሥራዋን ልታስረዳ ተነሥታ መጀመሪያ ራሷ መሆኗን ማስረዳት የለባትም።

ያን ቀን ማታ ሕጉን አውጥቼ አነበብኩ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ አደባባይ ላይ እንዳይወጣ ይከለክላል። አንቀጽ 29 ደግሞ ያለ ፈቃዱ የወጣበት ሰው እንዲቆም መጠየቅ ይችላል ይላል። ሕጉ በሌሎች አንቀጾች ልዩ ሁኔታዎች ያስቀምጣል፤ እኔም የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ግን አጭር ደብዳቤ ጻፍኩ። «የፈቀድኩት የኔ ፎቶ እንዲወጣ ነው፤ ይህን ፎቶ አልፈቀድኩም፤ ይነሣልኝ» የሚል። አንቀጹን ጠቀስኩ። ለሰው ኃይል ክፍል ግልባጭ አደረግሁ። በቃል ስለምናቸው ሲሰለቹ የነበሩት ሰዎች ደብዳቤው ሲደርሳቸው ወዲያው ከድረ ገጹ አወረዱት። ይቅርታ ያለኝ የለም። አንቺም እንደዚህ ከገጠመሽ በጽሑፍ አድርጊው።

ነገሩ የአንድ ልጅ ጥፋት ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ፎቶ በፊልም በሚነሣበት ዘመን የፊልም አምራቹ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የቀለም ማስተካከያ ካርድ ይልክ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። «ሸርሊ ካርድ» ይሉታል። የሷ ፊት በትክክል ከወጣ ማሽኑ ተስተካክሏል ማለት ነው። የኛ ዓይነት ፊት ይውጣ አይውጣ የሚለካበት ነገር አልነበረም። ኋላ ላይ ፊልሙ ቡናማ ቀለምን በደንብ እንዲይዝ ከወተወቱት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል። ጉግል ከሶሲዮሎጂስቱ ኤሊስ መንክ ጋር ሆኖ 10 ደረጃ ያለው የቆዳ ቀለም መለኪያ ያወጣው ገና እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ዛሬም ብዙ የስልክ ማሳመሪያ ፊልተር መጀመሪያ የሚያደርገው ቆዳን ማፍካት ነው። ልጁም ያየውን ነው የደገመው። ቢሆንም ያለበት ከተማ አዲስ አበባ ነው። ፊቱ የሚቀመጡት ሴቶች አብዛኛዎቹ ጠይም ናቸው። ሊያውቅ ይገባው ነበር።

በራሴ ገንዘብ ሌላ ፎቶ አንሺ ፈልጌ ተነሣሁ። ይህኛው በጣም ጥሩ ወጣ። ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ።

መጀመሪያ፣ ስቱዲዮ ስትመርጪ የሙሽራ ፎቶ አይተሽ አትወስኚ። ጠይምና ጥቁር ሴቶችን ለሥራ ያነሣበትን አሳየኝ በይው። ኤዲት ከመደረጉ በፊትና በኋላ ጎን ለጎን። የለኝም ካለሽ ትተሽው ውጪ። ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት ደግሞ ይህን ቃል በቃል ጽፈሽ ላኪለት፦ «የቆዳዬ ቀለም አይቀየር። የፊቴ፣ የአፍንጫዬና የአንገቴ ቅርጽ አይነካ። የተፈጥሮ ምልክትና ንቅሳት አይጥፋ። ያን ቀን የወጣ ብጉርና የተበተነ ፀጉር ቢነሣ ችግር የለውም። ያልተነካውንም ፋይል እፈልጋለሁ።» እሺ ብሎ ይመልስልሽ። መልሱን አስቀምጪው።

ሜካፕ ላይ ሰው ሁሉ ቀለል ይበል ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ቁም ነገሩ ቀለሙ ካንቺ ጋር መግጠሙ ነው። ፋውንዴሽን እጅሽ ላይ አትሞክሪ። አገጭሽ ከአንገትሽ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ቀቢና ደጅ ወጥተሽ በቀን ብርሃን እዪው። የሱቅ አምፖል ያታልላል። የፀሐይ መከላከያ ያለበትን ፋውንዴሽንና ነጭ ፓውደር ለዚያ ቀን ተዪው። ውስጣቸው ያለው ዚንክ፣ ቲታኒየም ወይም ሲሊካ ፍላሽ ሲመታው ብርሃኑን መልሶ ይወረውራል። ፊትሽ አመድ የነካው ይመስላል፣ አንገትሽ ሌላ ሰው ይሆናል። ከዚያ ኤዲት የሚያደርገው ልጅ «ላስተካክል» ብሎ ይገባበታል። ቤት ውስጥ መብራት አጥፍተሽ በስልክሽ ፍላሽ ራስሽን አንሺ። የሚፈካ ከሆነ እዚያው ታዪዋለሽ።

ቅንድብ ሁለት ሦስት ቀን ቀድመሽ ተስተካከዪ፤ በዕለቱ ይቀላል፣ ያብጣል። አዲስ ክሬም፣ አዲስ የፊት ሕክምና በዚያ ሳምንት አይሞከርም።

ፀጉርን በተመለከተ መመሪያውን አልተቀበልኩም። ሹሩባ ተሠርቼ ነው የተነሣሁት። ሹሩባ ሥርዓት የለውም የሚል ሰው ካለ የኔን ፎቶ አሳዩልኝ። ከሁለት ቀን በፊት ነው የተሠራሁት፤ ያን ቀን የተሠራ ሹሩባ ግንባር ይወጥራል፣ ዓይን ያጠባል። ከፈለግሽ በፍሪዝሽ፣ ከፈለግሽ ተተኩሰሽ ሂጂ። ሰኞ ቢሮ የምትገቢበትን ፀጉር ይዘሽ ተነሺ። ቅባት ግን ቀንሺ፣ መብራት ሥር ያንጸባርቃል። ሂጃብ ወይም ሻሽ የምታደርጊ ከሆነ የማያብለጨልጭ፣ አንድ ቀለም ያለው ጨርቅ ምረጪ። ግንባርሽ ላይ ጥላ እንዳይጥል ትንሽ ወደ ኋላ ሳቢው።

ነጭ ሸሚዝ የሚለውንም አልተቀበልኩም። ነጭ ጨርቅ ብርሃን ይመልሳል። ካሜራው በራሱ እንዲለካ ከተተወ ነጩን ለማዳን ሲል ፊትሽን ያጨልመዋል። እኔ ደማቅ አረንጓዴ ሸሚዝ በግራጫ ኮት ለበስኩ። ጥቁር ኮት የግድ ከሆነ ከኋላሽ ያለው ባክግራውንድ ጥቁር አይሁን፤ ትከሻሽ ይጠፋል። ደቃቅ መስመርና ደቃቅ ዳማ ያለበት ልብስ ስክሪን ላይ ይንቀጠቀጣል። የሀገር ልብስ ለመልበስ ከፈለግሽ ልበሺ፤ ነጠላው ነጭ ስለሆነ «ብርሃኑን በፊቴ ለካው» ብለሽ ንገሪው። የገባው ፎቶ አንሺ ወዲያው ይረዳሻል።

መነጽር ካለሽ አታውልቂ፣ ሰው የሚያውቅሽ በሱ ነው። እጀታውን ከጆሮሽ ትንሽ ከፍ አድርጊው፤ መስታወቱ ወደ ታች ሲያጋድል የመብራቱ ነጸብራቅ ይቀንሳል።

ስቱዲዮ ከሌለ ስልክም ይሠራል። መስኮት አጠገብ ቁሚ፣ ፀሐዩ በቀጥታ የማይገባበት። ከመስኮቱ በተቃራኒ በኩል ነጭ ካርቶን ወይም አንሶላ የሚይዝልሽ ሰው ይኑር፤ በጥላ ያለውን ጉንጭሽን ያበራልሻል። የሚያነሣሽ ሰው ራቅ ብሎ ይቁምና ሁለት እጥፍ አቅርቦ ያንሣ። ስልክ ፊት ላይ ተጠግቶ ሲያነሣ አፍንጫን ያተልቃል። ብዙ ሴት «አፍንጫዬ» እያለች የምታለቅሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ አፍንጫዋ ምንም አልሆነም። ባለሙያዎቹም ለዚህ ነው 85 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሌንስ ይዘው ራቅ የሚሉት። ደጅ ከሆነ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት። የቀትር ፀሐይ ከአናት ወርዶ ዓይንሽ ሥር ጥቁር ጥላ ይጥላል። በክረምት ደመና ቀን ሙሉ ቀን መነሣት ይቻላል፤ ብርሃኑ ለስላሳ ነው።

ስትቆሚ ሰውነትሽን ትንሽ ወደ ጎን፣ ፊትሽን ወደ ካሜራው። አገጭሽን በትንሹ ወደ ፊት። «ፈገግ በይ» ሲሉሽ ፈገግታ አይመጣም። የምታስቅሽን ጓደኛሽን ይዘሽ ሂጂ። አፍሽን በእጅሽ አትሸፍኚ፤ ይህ ልማድ ካለብሽ እጅሽን ኪስሽ ውስጥ ክተቺው። ጥርስ ይታይ። ድድሽ ንቅስ ከሆነ እሱም ይታይ።

ፎቶውን ስትቀበዪ ስቱዲዮው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠሽ አጉልተሽ እዪው፤ መስታወትም ያዢ። ቀለሙ ካልገጠመ እዚያው ይስተካከል፣ ቤት ከገባሽ በኋላ የሚሰማሽ የለም። ለሊንክድኢን አራት ማዕዘን አድርገሽ ቁረጪው፣ ቢያንስ 400 በ400 ፒክስል፤ ፊትሽ አብዛኛውን ቦታ ይያዝ፣ በስልክ ሲታይ ደቃቅ ነው። በቴሌግራም ሲልኩልሽ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት። እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቅና ጥራቱ ይወርዳል፤ ለሕትመት ሲፈለግ አይሆንም።